ለሐረር ግራዋ ይሻላታል

ጊደር መጋላ ላይ የሚሸጥ ዱባ ገበያ ከመድረሱ በፊት የግድ መሆን የነበረበት አንድ ነገር አለ። ንብ ከወንዱ አበባ ብናኝ ይዛ ሴቷ አበባ ላይ ማረፍ ነበረባት። የዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ነው የሚፈካው። ብናኙ ከባድና ተለጣፊ ስለሆነ ነፋስ አያደርሰውም። ንብ ካልመጣች ሴቷ አበባ ከሥሯ ያንጠለጠለቻትን ትንሽ ዱባ እንደያዘች ትጠወልግና ትረግፋለች። ገበሬው ዘርቶ፣ አርሞና ውሃ አጠጥቶ ሲያበቃ የቀረውን ሥራ የሚጨርስለት ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው። የማንጎውም፣ የኑጉም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው ይህ ገበያ የራሱ እርሻ የለውም፤ ከበሮቹ ውጭ ያለው ገጠር ያበቀለውን ነው የሚቀበለው። ገጠሩ ሲነጥፍ ትልቁ ገበያም ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በሐረር ከተማ ውስጥና ዙሪያ ምን ይተከል የሚለው ጥያቄ የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። እስካሁን የተያዘው ግን እንደ ውበት ጥያቄ ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ከታወጀ ወዲህ በዚህች ሀገር ችግኝ የሚቆጠረው በሚሊዮን ሆኗል። «ስንት ተተከለ?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ በቴሌቪዥን መልስ ያገኛል። «ምን ተተከለ?» የሚለውን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቀጥሎ የኮሪደር ልማቱ መጣ። አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ሐረርንም ደረሰ፤ መንገዶች ታደሱ፣ የጀጎል መተላለፊያዎች ጸዱ፣ መብራት ገባ። ይህን መካድ አይገባም። ደክሟት የነበረች ከተማ ቀና ብላለች። ነገር ግን የኮሪደር ልማት ሲባል ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ዓይነት የአረንጓዴ መልክ አለ፤ ምንጣፍ ሣር፣ በመስመር የቆመ ዘንባባ፣ ከውጭ የመጣ የጌጥ ተክል። አዲስ አበባ ላይ የታየው ይኸው መልክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የታየ ነገር ደግሞ ሌላ ከተማ ላይ ሳይደገም አያድርም።

ሐረር ግን አዲስ አበባ አይደለችም።

የሐረር ውሃ ታሪክ ለሣር የሚመች ታሪክ አይደለም። ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በደለል ተሞልቶ፣ በዙሪያው ላለው የጫትና የአትክልት መስኖ ተስቦ፣ ለከተሞቹ ተቀድቶ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ደረቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት የነበረው ሜዳ ላይ ከብት ተሰማራበት። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለሱ የሚያስደስት ዜና ነው፤ ትምህርቱ ግን አልጠፋም። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ለሐረር መፍትሔ የተፈለገው ድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው የሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ያ ውሃ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱ ሊትር መብራት በልቶ ነው ቧንቧ ላይ የሚደርሰው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ጄሪካን ይሰለፋል። የሐረር ነዋሪ ይህን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ ውሃ ምንጣፍ ሣር ላይ ሲፈስ ማየት ያሳዝናል። ሣሩ ለዓይን ያርፋል፤ ሳይታጨድ ግን አያምርም፣ በበጋ ውሃ ካልጠጣ ይነጫል፣ ከታጨደ ደግሞ አያብብም። ለንብ ምንጣፍ ሣር ማለት አስፋልት ማለት ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው እንጂ የሚበላ ነገር የለበትም።

አማራጩ ሩቅ አይደለም። ብዙ ሰው በየአጥሩ የሚያውቀው፣ ማንም ደግሞ የማያከብረው ግራዋ ነው።

ግራዋ በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ብዙ ሥራ አለው። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ ነው ጥንስስ የሚገባበት። ቅጠሉ ተጨምቆ ለሆድ ትል ይጠጣል። ፍየል ይወደዋል፤ ድርቅ ሲገባና ሣር ሲጠፋ ለከብት የሚቆረጠው እሱ ነው። ምሬቱ ለንግግር ሳይቀር ተርፏል፤ ቃሉ የማይዋጥ ሰው «እንደ ግራዋ የመረረ» ይባላል። በኦሮምኛ ኤቢቻ ይሉታል። በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተራራ ባለበት በኩል፣ ግራዋ የምትባል ወረዳ አለች፤ ስሟ ከተክሉ ስም ጋር አንድ ነው።

ግራዋ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፣ የአፍሪካ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ቅጠሉ ምሬቱ እስኪወጣ ታሽቶ እየታጠበ ወጥ ይሠራበታል። የካሜሩኖች ዝነኛ ምግብ ንዶሌም የዚሁ ቤተሰብ ቅጠል ነው። በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ደግሞ በ1980ዎቹ በእነሱ አቆጣጠር ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋ እንጨት ትመርጣለች፣ ቅርፊቱን ትልጣለች፣ ውስጡን አኝካ ጭማቂውን ትውጣለች፣ ቃጫውን ትተፋለች። ጤነኞቹ ዞር ብለው አያዩትም። እንስሳት ራሳቸውን ያክማሉ ለሚለው ጥናት መነሻ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ እናቶች ግን ለዚህ ቺምፓንዚ አላስፈለጋቸውም ነበር።

ለንብ ያለው ጥቅም ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው በአደይና በመች ቢጫ ይሆናል። ያኔ ንብ ጠግባለች፤ ማርም በብዛት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ቢጫው ከረገፈ ወዲያ ነው። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት እያለ ሲሄድ መሬቱ ይደርቃል፣ አበባ ይጠፋል፣ ቀፎ ውስጥ ያለው ስንቅ ይመናመናል። የኢትዮጵያ ንብ በረሃብ ጊዜ ቀፎ ውስጥ ተቀምጣ አትሞትም፤ ትኮበልላለች። ጥላ ትሄዳለች። አናቢው ጠዋት ሲነሣ የሚያገኘው ባዶ ቀፎ ነው። ግራዋ የሚያብበው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ትናንሽ ነጫጭ አበቦች ተሰብስበው እንደ አረፋ ይነሳሉ፤ ሽታው ከቅጠሉ ምሬት ጋር አይገናኝም፣ ጣፋጭ ነው። ለንብ ወለላም ብናኝም ይሰጣል። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ላይኛው አፈር ሲሰነጠቅ እሱ ከታች ይጠጣል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የግራዋ ማር ራሱን ችሎ የሚታወቅ ማር ነው። ከመራራ ቅጠል ጣፋጭ ማር!

ከሐረር ወረድ ብለው ባሉት ቆላዎች ያለችው ንብ ደግሞ የራሷ ባሕርይ አላት። ተመራማሪዎች የየመን ንብ ከሚሏት ዝርያ ጋር ይመድቧታል፤ በአካሏ ትንሽ፣ ሙቀትና ደረቅ አየር የለመደች። ቀይ ባሕርን ተሻግራ ከሁለቱም ወገን የምትገኝ ናት። ለዚህች ንብ የተስማማ ተክል ካስፈለገ እሷ ስትለምደው የኖረችው ይበቃታል፤ ከሌላ አህጉር ማስመጣት አያሻም።

እዚህ ላይ ጫትን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ስለ ሐረርጌ ተክል ተወርቶ ጫት ካልተነሣ ወሬው ጎደሎ ነው። ጫት የገበሬው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ልጅ የሚማረው፣ ቤት በቆርቆሮ የሚከደነው በጫት ነው። ገበሬውን ንቀል ማለት ቀልድ ነው። ሆኖም ከንብ አንጻር ሁለት ነገር መባል አለበት። አንደኛ፣ ጫት ማሳ ላይ አበባ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀንበጡ ከማበቡ በፊት ይቀጠፋል። ማሽላና ቡና የነበረበት፣ በዳሩ ቁጥቋጦ የነበረው መሬት ጫት ብቻ ሲሆን ለንብ ማዕዱ ተነሣ ማለት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቀንበጡን ከተባይ ለመጠበቅ የሚረጨው መድኃኒት ንብን ይገድላል። የአካባቢው አናቢዎች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች ዋነኛው ይህ ነው፤ ተመራማሪዎችም በጫት ቅጠል ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ ለእርሻ መዋል የሌለበትን ዲዲቲን ጨምሮ፣ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ንቡን የሚገድለው ነገር ቀንበጡ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰው አፍ ይሄዳል። ንብ እዚህ ላይ ቀድማ የምትሞት ምስክር ናት።

ግራዋ ይህን አይፈታም። ማንም ተክል አይፈታውም። ነገር ግን የተረጨ ማሳ መሀል ለምትኖር ንብ ያልተረጨ አበባ ያለበት ቦታ መኖሩ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ከተማ ሊሆን ይችላል። ጀጎል ጫት አይረጭበትም። 48 ሄክታር ነው፤ ንብ በአንድ በረራ ከዳር እስከ ዳር ታቋርጠዋለች። ከግንቡ ውጭ ያለችው አዲሲቷ ሐረር፣ የትምህርት ቤቶቹ ግቢ፣ የመስጊዶቹና የቤተ ክርስቲያኖቹ ቅጥር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አጥር ሲጨመርበት ትንሽ የሚባል መሬት አይደለም። ከተማ የንብ መጠጊያ ይሆናል ቢባል የማይመስል ነው፤ ገጠሩ መርዝ በሚረጭበት ዘመን ግን እውነቱ ወደዚያ እየሄደ ነው።

ስለ ቢራቢሮ ሲነሣ አንዳንድ ሰው የሕፃን ጨዋታ ይመስለዋል። ቢራቢሮ የሚነግረን ነገር ግን አለ፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ቀለብ ትፈልጋለች። ለራሷ ወለላ፣ ለልጇ ቅጠል። አባጨጓሬው ደግሞ መራጭ ነው፤ አንዱ የሚበላውን ሌላው አይነካውም። ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ መንገድ ዳር የሚታየው፣ ሲቆረጥ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያው ለምሳሌ የአንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ቀለብ ነው። አባጨጓሬው የተክሉን መርዝ በልቶ መርዙን ይዞ ያድጋል፤ ወፍ አንዴ ቀምሳ ሁለተኛ አትሞክረውም። ግቢ ውስጥ ሎሚ ያለው ቤተሰብም ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል አይቶ ያውቃል። ያ ትል ካልተገደለ ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ይሆናል። በርካታ ሰው ግን ትሉን ይገድልና ቢራቢሮዋ የት ጠፋች ይላል።

ግራዋ ለጎልማሳዋ ቢራቢሮ ምቹ ነው። አበባው አንድ የሚመስል ግን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ክምችት ስለሆነ አንድ ቦታ ቆማ ብዙ ጊዜ ትጠጣለች። ከጠጪዎቹ መካከል እንግዶችም አሉ። ቫኔሳ ካርዱይ የምትባለው ቢራቢሮ ከአውሮፓ ተነሥታ፣ ሜዲትራንያንንና ሰሃራን አቋርጣ ከበረሃው በታች ወዳሉት አገሮች እንደምትመጣ ያረጋገጡት ተመራማሪዎች ፍለጋቸውን ካደረጉባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ክብደቷ ከግራም በታች ነው። ይህን ሁሉ አቋርጣ ስትደርስ የምታርፍበት ምንጣፍ ሣር ከሆነ እንግዳ ተቀባይነታችን የት ላይ ነው?

«አበባ ከሆነ ሁሉም ይሆናል» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም፤ መጥቶም ያውቃል። ለዚህ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ማስረጃ አላት። የወፍ ቆሎ ለጌጥ የመጣ ነው። አበባው ባለ ብዙ ቀለም ነው፣ ቢራቢሮ ይወደዋል፣ ድርቅ ይችላል፣ ውሃ አይጠይቅም። በወረቀት ላይ ከግራዋ የሚበልጥ ይመስላል። ከአጥር ወጥቶ ግን በምሥራቅ ሐረርጌና በሶማሌ ክልል የግጦሽ መሬት ላይ ተስፋፋ፤ ወፍ ፍሬውን በልታ በየጥሻው ዘራችው፣ ከብት ሲበላው ያማል፣ ከሥሩ ሣር አያስበቅልም። ፕሮሶፒስም ንብ ይወደዋል። አፋር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ውጧል። ከእርዳታ እህል ጋር ገባ የሚባልለት ፋረምሲሳ ደግሞ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ በኦሮምኛ «መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ» እንደማለት ነው፤ የገባበት ማሳ ከባለቤቱ ወጥቶ ለእሱ የተፈረመለት ያህል ነውና። ድርቅ መቻል ብቻውን ብቃት አይደለም። ድርቅ የሚችል እንግዳ ተክል ጠላት የለውም፤ የሚበላው ትል፣ የሚያደክመው በሽታ ከመጣበት አገር ቀርቷል። ግራዋን ግን የሚበላው ብዙ ነው፤ ፍየሉም፣ ትሉም፣ ሰውም። ልኩን የሚያስጠብቀው ይኸው ነው።

ተቃውሞዎቹ ሁሉ ግን ከንቱ አይደሉም።

የመጀመሪያው መልኩ ነው። ግራዋ ካልተያዘ ይንዠረገጋል፤ እንጨቱ ሻካራ፣ ቅርጹ ዝብርቅርቅ ነው። በጎዳና ዳር ለሚፈለገው ቀጥ ያለ መስመር አይመችም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቅርጽ የሚመጣው ከመቀስ ነው፤ ጽድም ካልተቆረጠ ያው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ውበት የሚለመድ ነገር ነው። የሐረር ቤቶች ቀለም፣ የመንገዶቿ ጥመት፣ የግንቧ ድንጋይ ቀጥ ብሎ በመስመር የመጣ ምን አለው? ዓለም እ.ኤ.አ. በ2006 በቅርስነት የመዘገባት ሌላ ከተማ ስላልመሰለች ነው። አረንጓዴዋ ብቻ ለምን የሌላውን ከተማ ይምሰል?

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ ንብ ትናደፋለች። የእኛ ንብ የዋህ አይደለችም፤ ሕፃንና አዛውንት በሚመላለሱበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ንብ መጥራት ተገቢ ነው ወይ? አበባ ላይ ያለች ንብ ሥራ ላይ ናት፤ ካልተያዘች ወይም ካልተረገጠች አትነካም። የምትናደፈው ቀፎዋን ስትጠብቅ ነው። ስለዚህ ግራዋ መትከልና ከተማ ውስጥ ቀፎ መስቀል ሁለት ለየቅል ጉዳዮች ናቸው። ቀፎው ሶፊና ኤረር ገጠር ይሁን፤ አበባው ከተማ ይሁን። የሆነ ሆኖ በትምህርት ቤት በር፣ በክሊኒክ መስኮት ሥር፣ በመስጊድ ውዱእ ማድረጊያ አጠገብ አለመትከል ማስተዋል ነው።

ሦስተኛው ስለ ግንቡ ነው፤ ይህንን የሚያነሳ ሰው ካለ ሊመሰገን ይገባል። የጀጎል ግንብ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ሥር የገባበትና ውሃ የጠጣ ግንብ ይፈርሳል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን በግራዋ ሥር ማፍረስ ከምንጣፍ ሣሩ የባሰ ጥፋት ነው። ከግንቡ ሥር ምንም አይተከል። ከእሱ በበቂ ራቅ ብሎ ባለው ክፍት ቦታ፣ በተዳፋቱና ጎርፍ አፈሩን በሚወስድበት ሸለቆ አፍ ይተከል። እዚያ አፈርም ይይዛል።

ግራዋ ብቻውን ይተከል ማለትም አይደለም። አንድ ተክል ብቻ የሞላው ቦታ አንድ ወር አብቦ አሥራ አንድ ወር ጦም ያድራል። ከግራዋ ጎን አጋም አለ። «አጋም ጥግ የበቀለ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እየተባለ ስሙ በክፉ ይነሣል እንጂ አጋም ነጭ አበባው የሚያውድ፣ ፍሬው ለልጅ የሚጣፍጥ፣ እሾሁ አጥር የሚሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ከጫት ጋር የሚያገናኘው ነገርም አለ። ስዊድናዊው ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ተራሮች ላይ ሁለቱንም መዝግቧል፤ ሁለቱም በሳይንሳዊ ስማቸው «የሚበላ» ተባሉ። አንዱ ሐረርጌን ሞላ፣ ሌላው ከአጥር እየተነቀለ ማገዶ ሆነ። አጋም፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ እሬት፣ ቁልቋሉም ጭምር ሲቀላቀሉ አበባው ከወር ወር ይተካካል። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ በከተማዋ ዙሪያ የቡና፣ የጫትና የፍራፍሬ አትክልት ተቀላቅሎ አይቶ ጽፏል። ዛሬ የጎደለው ያ መቀላቀል ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ችግሩ ማንም እንደ ሥራ አለመቁጠሩ ነው። ግራዋ ዘር ተዘርቶለት ዓመት አይጠበቅለትም። ጣት የሚያህል፣ ያልለመለመ ያልደረቀ ቅርንጫፍ ክንድ በሚያህል ርዝመት ይቆረጣል፤ ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቶ ዘንበል ተደርጎ ዝናብ ሲይዝ ይተከላል። ያቆጠቁጣል። ነገር ግን «ድርቅ ይችላል» የሚለውን ሰምቶ ተክሎ መርሳት ስህተት ነው። ድርቅ የሚችለው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን በጋ ውሃ ይፈልጋል፤ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። ፍየልም መከልከል አለበት፤ በልጅነቱ ከተጋጠ አያገግምም። ከዚያ በኋላ ለራሱ ያውቃል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር አቆራረጡ ነው። የግራዋ አበባ የሚወጣው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። ለከብት ተብሎም ሆነ ለቅርጽ ተብሎ ኅዳር ላይ ከተቆረጠ በዚያ ዓመት አበባ የለም፤ ተክሉ አለ፣ ንብ ግን ጦሟን ታድራለች። መቀሱ አበባው ካለቀ በኋላ ወይም ግማሹን በአንዱ ዓመት ግማሹን በሌላው መሆን አለበት። የከተማ አትክልተኛ ይህን ካልተነገረው ምንጣፍ ሣር እንደሚያጭደው ያጭደዋል። ለሥራው የሚገመገመው ደግሞ በጽዳቱ እንጂ በአበባው አይደለም፤ አይፈረድበትም።

ወጪውን ለሚያስብ ደግሞ፣ ቅርንጫፉ በነፃ ነው። ከሐረር ዙሪያ ካለ ገበሬ አጥር ላይ ቢገዛ እንኳን ከዘንባባ ችግኝ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም፤ ገንዘቡም ኪስ የሚገባው እዚያው ነው። ቅርንጫፍ አዘጋጅተው የሚያቀርቡ ወጣቶችና ሴቶች በማኅበር ቢደራጁ ለጨረታ የሚቀርብ ነገር አላቸው። ለዚያ ግን ጨረታው ላይ ስሙ መጻፍ አለበት። የጌጥ ተክል ግዢ ሰነድ ላይ የሌለ ተክል የትኛውም ባለሙያ ቢወደው አይገዛም።

ሰነዱ የሚዘጋጀው ደግሞ ክረምት ሳይገባ ነው። በሐረር ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ በልግና ክረምት። በበልጉ ማብቂያ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በላስቲክ ከተተከለ ሐምሌ ላይ ሥር ይዞ ይደርሳል። የከተማው አስተዳደርም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሰፈር ዕድሩም ለመጪው ክረምት ግራዋ ከፈለገ ጥያቄው በመጋቢት መነሣት አለበት፤ በሐምሌ ከተነሣ ችግኝ ጣቢያው ያለውን ነው የሚሰጠው፤ ያለው ደግሞ የታወቀ ነው።